ሰርተፍኬት ይዤ ፕላነር እባላለሁ? ለአንዲት መሐንዲስ የተጻፈ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው፦

«በሲቪል ምህንድስና ተመርቄ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ በአብዛኛው በኦቶካድ የመንገድና የሳይት ፕላን መሳል ነው። አሁን ‹የከተማ ፕላንና ጂአይኤስ› (የካርታ መረጃን በኮምፒውተር መተንተን) የሚል የድህረ ምረቃ ሰርተፍኬት ፕሮግራም አግኝቻለሁ። አምስት ኮርስ ነው፤ በኦንላይን፣ ማታ ማታ። ይህን ብማር ፕላነር እባላለሁ? ወይስ ጊዜዬን ሳላባክን ማስተርስ ልግባ? ፕሮግራሚንግ አልችልም። ስታቲስቲክስም ከተማርኩት ስለቆየ ጠፍቶብኛል። ላፕቶፔም አርጅቷል። እባክዎ በግልጽ ይንገሩኝ።»

እህቴ፣ በግልጽ ካልሽ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። በዚህ ሰርተፍኬት ፕላነር አትባዪም። ግን ተማሪው። ሁለቱ ነገር አይጋጭም፤ ለምን እንደማይጋጭ ላስረዳሽ።

መጀመሪያ ወረቀቱን እንመዝነው። በአሜሪካ የድህረ ምረቃ ሰርተፍኬት አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 18 ክሬዲት ነው። አራት፣ አምስት፣ ቢበዛ ስድስት ኮርስ ማለት ነው። በእንግሊዝ 60 ክሬዲት ነው፤ ሙሉው ማስተርስ ደግሞ 180። ስለዚህ የማስተርስ ሲሶ ነው። በአውስትራሊያ ከማስተርስ አንድ እርከን ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ሙሉ ጊዜውን ሰጥቶ ለሚማር ከግማሽ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ይወስዳል። የትም ብትሄጂ ነገሩ አንድ ነው። ማስተርስ አይደለም፤ ግን እንደ ሦስት ቀን ሥልጠናም አይደለም።

ፕላነር የመባሉ ጉዳይ በሌላ በር ነው የሚገባው። በአሜሪካ የፕላን ትምህርት ቤቶችን የሚመዝነው ቦርድ እውቅና የሚሰጠው ለባችለርና ለማስተርስ ዲግሪ ነው፤ ለሰርተፍኬት አይሰጥም። ከዚያ በኋላ የሙያ ማዕረጉን ለማግኘት የሥራ ልምድ አለ፣ ፈተና አለ። በእንግሊዝም የሙያ ማኅበሩ የራሱ መንገድና የራሱ እውቅና ያላቸው ፕሮግራሞች አሉት። በካርታው በኩል ደግሞ ጂአይኤስፒ የሚባል ማዕረግ አለ። እሱም ቢሆን የአራት ዓመት የሥራ ልምድና ፈተና ይፈልጋል። ኮርስ ስለጨረስሽ ብቻ ማንም አይሸልምሽም። ፕሮግራሙን የሚያስተዋውቀው ገጽ ላይ «ፕላነር ይሁኑ» የሚል ካየሽ በጥርጣሬ እዪው።

ታዲያ ለምን ተማሪው አልኩ? አራት ዓመት መስመር ስትስዪ የኖርሽ ሰው ነሽ። መስመሩ ለምን እዚያ እንደሚያልፍ የሚወስነው ግን ሌላ ሰው ነው። ጥሩ ሰርተፍኬት ውሳኔው ወደሚሰጥበት ጠረጴዛ ያስጠጋሻል። መጥፎው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ሶፍትዌር የምትችል ድራፍተር (ፕላን ሳይ) አድርጎ ይመልስሻል። ልዩነቱ ያለው በዩኒቨርሲቲው ስም ላይ አይደለም። በሲላበሱ ላይ ነው። በተለይ «የከተማ ፕላን» እና «ጂአይኤስ» በሚሉት ቃላት መካከል ያለችው «እና» እውነተኛ መሆን አለመሆኗ ላይ ነው።

ምክንያቱም ሁለቱ ሙያዎች የሚጠይቁት ጥያቄ የተለያየ ነው። ካርታ «ምን የት አለ?» ይላል። ፕላን «ምን የት ይሁን? ለማን? በማን ኪሳራ?» ይላል። ብዙ ፕሮግራም ሁለት ኮርስ ከዚህ፣ ሦስት ኮርስ ከዚያ አንስቶ አንድ ላይ ይጠርዝና ስም ይሰጠዋል። ማጋጠሙን ለተማሪው ይተወዋል። ተማሪው ደግሞ ማታ ማታ ከሥራ መልስ ስለሚማር ለማጋጠም አቅም የለውም።

የጂአይኤስ መምህር ሁሉ የመጀመሪያ ቀን አንድ ታሪክ ያወራል። አንቺም መስማትሽ አይቀርም። በ1854 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ለንደን ውስጥ ሶሆ በሚባል ሰፈር ኮሌራ ገባ። ሐኪሙ ጆን ስኖው የሞቱትን ሰዎች በየቤታቸው ካርታ ላይ አሰፈራቸው። ብሮድ ስትሪት ላይ ባለች አንዲት የውሃ ፓምፕ ዙሪያ ተከማችተው ታዩ። የፓምፗ እጀታ ተነቀለ። «ይኸው፣ ካርታ ሕይወት አዳነ» ይባልና ክፍሉ ያጨበጭባል።

ታሪኩ ደስ ይላል፤ ቅደም ተከተሉ ግን ተዛብቷል። ስኖው ኮሌራ በውሃ ይተላለፋል ብሎ የጻፈው በ1849 ነው። እጀታው የተነቀለው በ1854፣ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 8 ነው። ካርታው ታትሞ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ማለትም መጀመሪያ ጥያቄ ነበረው። ከዚያ ቤት ለቤት እየዞረ ጠየቀ። ካርታው የመጣው መጨረሻ ላይ፣ ሌሎችን ለማሳመን ነው። ደግሞ ነጥቦቹን ብቻ አይደለም ያየው። ነጥብ የሌለበትንም አይቷል። ፓምፗ አጠገብ ከ500 በላይ ችግረኞች የሚኖሩበት የሥራ ቤት ነበር፤ ከእነሱ የሞቱት 5 ብቻ ናቸው። ለምን? የራሱ ጉድጓድ ስለነበረው። በቅርብ ያለው የቢራ ፋብሪካ ሠራተኞችም ተርፈዋል፤ የሚጠጡት ቢራ ነበር፣ ፋብሪካውም የራሱ ውሃ ነበረው። ካርታ ብቻውን ይኼን አይነግርሽም። ሄዶ የሚጠይቅ ሰው ነው የሚነግርሽ።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ስኖው በ1855 ባወጣው በሁለተኛው የካርታው ቅጂ ላይ አንድ ነጠብጣብ መስመር ጨመረ። መስመሩ ከብሮድ ስትሪት ፓምፕና በዙሪያው ካሉት ሌሎች ፓምፖች እኩል የሚርቁትን ቦታዎች ያያይዛል። እኩል የሚርቁ ሲባል ግን በአየር አይደለም፤ በመንገድ ተሂዶ ነው። ያለ ኮምፒውተር፣ በእግርና በእርሳስ። ዛሬም ከስንት ዓመት በኋላ ይኼን የሚስቱ የመመረቂያ ሥራዎች በየጊዜው ያጋጥሙኛል።

እንዴት እንደሚስቱት ላሳይሽ። ተማሪው «ከጤና ጣቢያ በ800 ሜትር ውስጥ ስንት ሰው ይኖራል?» የሚል ጥያቄ ይይዛል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ከዚያ ሶፍትዌሩን ይከፍታል። ባፈር የሚባል መሣሪያ አለ። 800 ብሎ ይጽፋል፣ አንዴ ይጫናል፣ ቆንጆ ክብ ይወጣለታል። ክቡ ውስጥ ያለውን ሕዝብ ይደምራል። አለቀ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

አሁን እንቁጠርበት። 800 ሜትር ራዲየስ ያለው ክብ 2 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። ሰው ግን በአየር አይሄድም። መንገዶቹ እንደ ቼዝ ሰሌዳ ጥቅጥቅ ብለው በቀጥታ የሚቋረጡ ናቸው እንበል፤ ለእግረኛ ምቹ ከሆኑት አንዱ ነው። እዚያም ቢሆን 800 ሜትር ተጉዘሽ የምትደርሺበት ቦታ ክብ አይሠራም። በሹሉ የቆመ ካሬ ነው የሚሠራው። ስፋቱ 1.28 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ከክቡ 64 በመቶ ብቻ! እንግዲህ በምቹው ሰፈር እንኳ ተማሪያችን ከአንድ ሦስተኛ በላይ የሚሆነውን ቦታ በነጻ አከፋፍሏል። በመሃል የባቡር ሐዲድ ካለና መሻገሪያው ሩቅ ከሆነ፣ ከሐዲዱ ወዲያ ያለው ሰፈር በሙሉ ከስሌት ይወጣል። ክቡ ላይ ግን ጤና ጣቢያ አጠገብ የሚኖር ሆኖ ይታያል።

ገና አልጨረስንም። ሕዝቡን ከየት አመጣው? ከሕዝብ ቆጠራ። ቆጠራው በቀጠና በቀጠና ተከፍሎ ነው የሚመጣው። አንዱ ቀጠና 6,000 ሰው አለው፤ ክቡ የቀጠናውን ግማሽ ይቆርጠዋል። ሶፍትዌሩ «3,000» ይላል፤ ሕዝቡ በእኩል የተበተነ መስሎታልና። የተቆረጠው ግማሽ መጋዘንና የመቃብር ቦታ ቢሆንስ? ትክክለኛው መልስ ዜሮ ነው። ይኼን ለማወቅ የመሬት አጠቃቀም ካርታ ያስፈልጋል። የመሬት አጠቃቀም ካርታ ማንበብ ደግሞ የፕላን ትምህርት ነው። አየሽ «እና» የምትባለዋ ቃል የት እንደምትሠራ?

ቀጥሎ ፕላነሩ ይመጣና ደስ የማይል ጥያቄ ይጠይቃል። «ዛሬስ እሺ፤ የዛሬ አሥር ዓመት ስንት ሰው ይኖራል?» ለዚህ ደንቡን ማንበብ ግድ ነው። ለምሳሌ 500 ካሬ ሜትር ቦታ አለ። ደንቡ የወለል ስፋት ከቦታው ስፋት ሁለት እጥፍ ድረስ ይፈቅዳል፤ ሕንፃው ከቦታው ግማሹን ብቻ እንዲይዝም ያዛል። በጠቅላላ 1,000 ካሬ ሜትር ወለል፣ እያንዳንዱ ወለል 250፤ አራት ወለል ይደርሳል። የሳተላይት ምስሉ ግን ዛሬ እዚያ ያለውን አንድ ወለል ቤት ነው የሚያሳይሽ። ሰፈሩን በሙሉ እንዲህ ብታሰዪው ጤና ጣቢያው ነገ የሚጠብቀው ሕዝብ ፍጹም ሌላ ነው። ጂአይኤስ ይኼን ለአሥር ሺህ ቦታ በአንድ ጊዜ ያሰላልሻል። ግን ደንቡን አንብቦ ወደ ቁጥር የሚቀይረው ሰው ነው። መሐንዲስ ስለሆንሽ ይኼኛው ክፍል የሚቀልሽ ይመስለኛል።

ስለዚህ ሲላበሱን ስታነቢ የጤና ጣቢያዋን ጥያቄ በጭንቅላትሽ ያዢ። በመጨረሻው ኮርስ ላይ ስትደርሺ ይኼን ጥያቄ ከነሐዲዱ፣ ከነመቃብር ቦታው፣ ከነደንቡ መመለስ ትችያለሽ ወይ? አምስቱም ኮርስ «መግቢያ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ ጂአይኤስ» እያለ የሚሄድ ከሆነ የፕላን ነገር የለበትም፤ ስሙ ብቻ ነው። አምስቱም ንድፈ ሐሳብ ከሆነና አንድ ኮርስ ብቻ «ካርታ አሠራር» የሚል ከሆነ ደግሞ ያው በኦቶካድሽ ትቀጥያለሽ። እኔ የምፈልገው ቢያንስ አንድ ኮርስ ስለ ፕላን ሕግና ስለ መሬት አጠቃቀም፣ ቢያንስ አንድ ስለ ቦታ ትንተና፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ጥያቄውን ራስሽ የምታመጪበት ፕሮጀክት ነው። ጥያቄውና ዳታው ተዘጋጅቶ የሚሰጥበት «ፕሮጀክት» ፕሮጀክት አይባልም፤ የቤት ሥራ ነው።

አስተባባሪውን በኢሜይል ጠይቂ። «ባለፈው ዓመት የተመረቁ ሁለት ተማሪዎችን የመጨረሻ ሥራ ማየት እችላለሁ?» በይ። ይቺ አንድ ጥያቄ ከመቶ ገጽ ማስታወቂያ ትበልጣለች። ሥራዎቹን ሲልኩልሽ ክቦቹን ፈልጊ። ክብ ብቻ ከሞላባቸው ገባሽ አይደል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ትንሽ ከመንገድ ያስወጣኛል፤ ግን ልተወው አልችልም። ስለ ካርታ ጉዳት የሚያስተምር ኮርስ አለ ወይ ብለሽ እዪ። በ1930ዎቹ በአሜሪካ አንድ የፌዴራል የቤት ብድር ተቋም ከ200 በላይ ከተሞችን ሰፈር በሰፈር በአራት ቀለም ከፍሎ ነበር። አረንጓዴው «ምርጥ»፣ ቀዩ «አደገኛ»። ጥቁሮች የሚኖሩባቸው ሰፈሮች በብዛት ቀይ ተቀቡ። ካርታው ብቻውን ሁሉን አደረገው አልልም፤ አድልዎው ከካርታው በፊትም ነበረ። ግን ጭፍን ጥላቻ ቀለም ተቀብቶ፣ መግለጫ ተጽፎለት ሲመጣ ሳይንስ ይመስላል። ዛሬ አንቺ የምትሠሪው «ለአደጋ የተጋለጡ ሰፈሮች» የሚል ካርታ የሆነ ሰው እጅ ይገባል። እሱ ምን ያደርግበታል? ይኼን የማይጠይቅ የፕላን ትምህርት ግማሹ የለም።

ወደ አንቺ ልመለስ። ከኦቶካድ መምጣትሽ ጥቅምም ጣጣም አለው። እኔም ከዚያው ነው የመጣሁት። የመጀመሪያ ሳምንት አንድ የሳይት ፕላን ወደ ጂአይኤስ አስገባሁ። ስክሪኑ ባዶ ሆነ። ሌየሩ (ያስገባሁት የሥዕል ንብርብር) አለ፤ ካርታው የለም። «ወደ ሌየሩ ሂድ» የሚለውን ስጫነው ከምዕራብ አፍሪካ በታች ጊኒ ባሕረ ሰላጤ መሃል ወሰደኝ። ሰፈሩ በሙሉ ውቅያኖስ ውስጥ ተንሳፏል! ለካ ሥዕሉ የተሳለው ከዜሮ ዜሮ ተነስቶ ነው። ኦቶካድ ላይ ይኼ ምንም አይደለም። ጂአይኤስ ግን «ዜሮ ዜሮ» ስትዪው ያምንሻል፤ የምድር ወገብና የግሪንዊች መስመር የሚገናኙበት ቦታ ወስዶ ያስቀምጥልሻል። ከሰዓቱን በሙሉ እሱን ስታገል ዋልኩ።

እሱን አስተካክዬ ሳልጨርስ ሌላ መጣ። የቦታዎቹን ድንበር ወደ ፖሊጎን፣ ማለትም ወደ ዝግ ቅርጽ ልቀይር ብል ግማሾቹ እምቢ አሉ። መስመሮቹ ጫፍ ለጫፍ አይነኩም ነበር። የሁለት ሴንቲ ሜትር ክፍተት። ወረቀት ላይ ታትሞ ማንም አያየውም። ጂአይኤስ ግን ያልተዘጋ ቅርጽ ስፋት የለውም ይላል። ደግሞ «ትምህርት ቤት» የሚለው ጽሑፍ ግቢው ላይ ተንሳፎ ነበር እንጂ ከግቢው ጋር አልተያያዘም። በኦቶካድ ሥዕል ነው። በጂአይኤስ ግቢው ራሱ ረድፍ ነው፤ ስሙ፣ ስፋቱ፣ አገልግሎቱ፣ ባለቤትነቱ በሰንጠረዥ ከኋላው ይከተላል። ይኼ ለውጥ በጭንቅላትሽ ውስጥ ከገባ የትምህርቱ ሲሶ ገባሽ።

ከሌሎቹ ተማሪዎች የምትበልጪበት ደግሞ አለ። ስለ ልኬትና ስለ ስህተት መጠን ታውቂያለሽ። ፕሮጀክሽን የሚባለው ርዕስ ላይ ብዙው ይሰናከላል። አንቺ አትሰናከዪም፤ ግን አትናቂው። ምድር ክብ ናት፤ ስክሪኑ ጠፍጣፋ ነው፤ የሆነ ነገር መለጠጡ አይቀርም። ድረ ገጽ ላይ የምናያቸው ካርታዎች አብዛኞቹ የሚጠቀሙት የመርኬተር ዓይነት ከምድር ወገብ በራቅሽ ቁጥር ይለጥጣል። 60 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ርዝመቱ ሁለት እጥፍ ይሆናል። እዚያ በካርታው ሜትር 800 ብለሽ ክብ ብትሠሪ መሬት ላይ 400 ሜትር ነው። የዲግሪ ኮርዲኔት ላይ ሆነሽ 800 ብትጽፊማ 800 ዲግሪ ነው፤ ምድርን ሁለት ጊዜ ዞሮ ይተርፋል። ለዚህ ነው ለከተማ ሥራ ዩቲኤምን የመሰለ ሥርዓት የሚመረጠው። ምድርን በ60 ዞን፣ እያንዳንዱን በ6 ዲግሪ ስፋት ከፍሎ በሜትር ይለካል። አሮጌ የወረቀት ካርታና የዛሬ ጂፒኤስ ነጥብ ስታደርቢ ደግሞ ዳተሙን (ልኬቱ የተመሠረተበትን የምድር ቅርጽና መነሻ) እዪ። ሁለቱ የተለያየ ዳተም ላይ ካሉ ከመቶ ሜትር በላይ ሊንሸራተቱ ይችላሉ። ቤቱ መንገድ መሃል ቆሞ ታገኚዋለሽ። ፕሮጀክሽንን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የማያስተምር ኮርስ ካየሽ ተጠንቀቂ።

ፕሮግራሚንግ አልችልም ብለሻል። አትፍሪ። ፕላነር ሶፍትዌር አይገነባም። የሚያስፈልግሽ ፓይተን (የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነው) አንድን ሥራ አርባ ጊዜ በእጅ ከመድገም የሚያድንሽ ያህል ነው። ሃያ መስመር ኮድ አንብበሽ ምን እንደሚሠራ ከገባሽ ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃል። እንዲያውም እኔን ብትጠይቂኝ ከፓይተን በፊት ኤስኪውኤል የሚባለውን፣ ከዳታ ሰንጠረዥ መረጃ የሚጠየቅበትን ቋንቋ ተማሪ። «ከመንገዱ በ30 ሜትር ውስጥ ያሉ፣ ስፋታቸው ከ200 ካሬ ሜትር በታች የሆኑ ቦታዎችን አምጣ» ማለት በእሱ ሦስት አራት መስመር ነው። እንደ ዓረፍተ ነገር ነው የሚነበበው።

ስታቲስቲክስን ግን በቀላሉ አላሳልፍሽም። ከረሳሽው ከምዝገባ በፊት ከልሽው። ቦታ የሚነካው ስታቲስቲክስ የራሱ ጠባይ አለው። የጂኦግራፊ ሰው የሆነው ዋልዶ ቶብለር በ1970 እንዳለው ሁሉም ነገር ከሁሉም ጋር ይገናኛል፤ የቀረበው ግን ከራቀው የበለጠ ይገናኛል። ቀላል ይመስላል። ጣጣው ግን የተለመደው ስታቲስቲክስ «ናሙናዎቹ አንዱ ከአንዱ ነጻ ናቸው» ብሎ መነሳቱ ነው። ጎረቤት ሰፈሮች ደግሞ ነጻ አይደሉም። ሌላም አለ፦ ያንኑ ሕዝብ፣ ያንኑ ድህነት በቀበሌ ብትከፍዪውና በሰፋፊ ወረዳ ብትከፍዪው ሁለት የተለያየ ካርታ ይወጣል። አንዱ ዳታ ሁለት ታሪክ ያወራል። ድንበሩን ያሰመረው ሰው ሳያውቀው መልሱንም አሰመረ ማለት ነው። ይኼን የምትረጂ ከሆነ ስብሰባ ላይ የሚቀርብልሽን ግማሹን ካርታ በሁለት ጥያቄ ታቆሚዋለሽ።

ማስተርሱስ? በሙሉ ልብ ፕላነር መሆን የምትፈልጊ ከሆነ፣ ማለትም ፕላን ፈርመሽ ማቅረብ፣ ከነዋሪ ጋር መከራከር፣ ደንብ ማርቀቅ ከሆነ ሕልምሽ፣ መድረሻሽ ማስተርስ ነው። ያም እውቅና ያለው። እኔ ግን ከሰርተፍኬቱ ብትጀምሪ እመርጣለሁ። አራት ዓመት ከትምህርት ርቀሻል፤ ሥራም አለሽ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ቁም ነገሩ ክሬዲቱ ወደ ማስተርስ ይሻገራል ወይ ነው። አንዳንዱ ሙሉውን ይቀበላል። አንዳንዱ ሁለት ኮርስ ብቻ። አንዳንዱ ከተወሰነ ዓመት በላይ የቆየውን አይወስድም። በስልክ «አዎ፣ ይሻገራል» ቢሉሽ አትርኪ። በጽሑፍ ተቀበዪ፤ የትኞቹ ኮርሶች፣ በስንት ውጤት፣ እስከ ስንት ዓመት ድረስ የሚል። እኔ የማውቃት አንዲት ልጅ አምስት ኮርስ ጨርሳ ማስተርስ ስትገባ ሦስቱን እንደገና ተማረች። እዚያው ትምህርት ቤት! ሰርተፍኬቱን የሚሰጠው ክፍልና ማስተርሱን የሚሰጠው ክፍል አይነጋገሩም ነበር።

መሐንዲስ ሆነሽ መቀጠል ከፈለግሽ፣ ነገር ግን ውሃው የት እንደሚፈስ፣ መንገዱ ማንን እንደሚያገናኝ በራስሽ መተንተን ከፈለግሽ ደግሞ ሰርተፍኬቱ በቂ ነው። ከዚያ በላይ አታውጪ። ቀጣሪ የሚያየው የሠራሽውን ሥራ ነው።

ከመክፈልሽ በፊት ግን ሦስት ሳምንት ስጪኝ። በነጻ የምትሞክሪው ነው። ኪውጂአይኤስን አውርጂ። ከ2002 ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች የሚገነባ ነጻ ሶፍትዌር ነው፤ በዓለም ዙሪያ ስንት መሥሪያ ቤት ይሠራበታል። መንገዶችን ከኦፕንስትሪትማፕ ውሰጂ። እሱም በ2004 የተጀመረ፣ ማንም የሚያርመው የዓለም ካርታ ነው። የሳተላይት ምስል ከሴንቲኔል ሁለት ወይም ከላንድሳት ታገኛለሽ። ላንድሳት ከ1972 ጀምሮ ምድርን ፎቶ ሲያነሳ የኖረ ነው፤ ከ2008 ወዲህ ምስሎቹ ለማንም በነጻ ናቸው። ስለዚህ አንድ ከተማ በሃምሳ ዓመት ውስጥ የት ድረስ እንደተለጠጠ ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ታያለሽ። ይኼ ሁሌም ያስደንቀኛል።

ግን ምስሉ ምን እንደማያሳይም እወቂ። የሴንቲኔል አንዷ ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር ናት፤ 100 ካሬ ሜትር። አንድ መካከለኛ ቤት አንድ ነጥብ ላይ ያልቃል። የላንድሳቷ 30 በ30 ናት፤ 900 ካሬ ሜትር፣ ብዙ ቤት በአንድ ቀለም ተቀላቅሎ። የከተማ መስፋፋት ታያለሽ፤ ቤት ግን አትቆጥሪም። እዚህ ላይ ተሳስቶ «በሰፈሩ 1,342 ቤቶች አሉ» ብሎ በሴንቲኔል ምስል ያቀረበ ተማሪ አጋጥሞኛል። ቁጥሩ እስከ መጨረሻዋ አሃዝ ድረስ ተጽፎ። ድፍረቱ ደስ ይላል።

በሦስት ሳምንቱ ውስጥ አንድ ጥያቄ ብቻ ያዢ። የምታውቂው ሰፈር ይሁን፤ በእግርሽ የሄድሽበት። የጤና ጣቢያዋን ጥያቄ ብትወስጂም ፈቃዴ ነው። መጀመሪያ በክቡ ሥሪው፣ ከዚያ በመንገድ ሥሪው። ሁለቱን አደራርቢና በክቡ ውስጥ ሆኖ ከመንገዱ ውጪ የቀረውን አንድ ጥግ ምረጪ። ከዚያ ላፕቶፑን ዝጊና ሂጂ። አዎ፣ በእግርሽ። ጊዜ ያዢ። ምናልባት ካርታው ላይ የሌለ ቀጭን መተላለፊያ ታገኛለሽ፤ ያን ጊዜ ኦፕንስትሪትማፕ ላይ ራስሽ ትጨምሪዋለሽ። ምናልባት ካርታው ላይ ያለው መንገድ በአጥር ተዘግቶ ታገኚዋለሽ። ከዚህ የሚገኘው ነገር ካስደሰተሽ ትምህርቱ ያንቺ ነው። ከሰለቸሽም ዕዳ ሳትገቢ አወቅሽው።

ላፕቶፑ ቀረ። ኪውጂአይኤስ በ8 ጊጋ ሚሞሪ ይሄዳል፤ ለአንድ ሰፈር ሥራ ይበቃል። ሜካኒካል ሃርድ ዲስክ ካለው ወደ ኤስኤስዲ (ፈጣኑ የዲስክ ዓይነት) አስቀይሪው፤ አዲስ ከመግዛት የረከሰ ነው፤ ለውጡም ወዲያው ይታወቅሻል። የትምህርት ፕሮግራሙ አርክጂአይኤስ ፕሮ የሚባለውን ሶፍትዌር የሚጠቀም ከሆነ ግን ሁለት ነገር አለ። እሱ ዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው የሚሠራው፤ በ8 ጊጋም ያቃስታል፤ 16 እና ከዚያ በላይ ይሻላል። ደግነቱ ብዙ ትምህርት ቤቶች ለተማሪ ፈቃዱን ራሳቸው ይሰጣሉ፤ አንዳንዶቹም ከሩቅ የምትገቢበት ኮምፒውተር አላቸው። ለአስተባባሪው በምትጽፊው ኢሜይል ላይ ይኼንንም ጨምሪና ጠይቂ። እስኪመልሱልሽ ድረስ ምንም አትግዢ።